ከመቅለጥ የተረፉት የጥንት የአሜሪካ ወርቅ ሳንቲሞች

የአሜሪካ ሳንቲም ሰብሳቢዎች «ቀደምት ወርቅ» የሚሉት ከ1795 እስከ 1834 አጋማሽ ድረስ ፊላደልፊያ ካለው የመንግሥት ማተሚያ ቤት የወጡትን የወርቅ ሳንቲሞች ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዓይነታቸው ሦስት ነው። የአሥር ዶላሩ ኢግል፣ የአምስት ዶላሩ ሀፍ ኢግል እና የሁለት ዶላር ከሃምሳው ኳርተር ኢግል። ወርቁ 22 ካራት ነው። ኢግሉ 17.5 ግራም ይመዝናል፣ ሀፍ ኢግሉ የሱን ግማሽ። መጀመሪያ ላይ ዋጋቸው እንኳ አልተጻፈባቸውም ነበር። ሀፍ ኢግሉ ላይ 5 ቁጥር የገባችው በ1807 ነው።

ስለ ዋጋቸው ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ታተመ?» ብሎ ነው። ለኔ ግን ዋናው ጥያቄ ስንት ሳይቀልጥ ቀረ የሚለው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1792ቱ የገንዘብ ሕግ ነው። ሕጉ አንድ ወቄት ወርቅን በ15 ወቄት ብር ተመነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ አንድ ወቄት ወርቅ ወደ 15 ተኩል ወቄት ብር ያወጣ ነበር። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ለነጋዴ በቂ ናት። አሜሪካ ውስጥ ከብር በተሠራ ገንዘብ የወርቅ ሳንቲም ይሰበስባል፣ በመርከብ ይጭናል፣ እዚያ ይቀልጣል፣ ትርፉን ይዞ እንደገና ይመጣል። ኢግሉ በዚህ ምክንያት ከ1804 በኋላ መታተሙ ቆመና እስከ 1838 አልተመለሰም። ያኔ ተራው የሀፍ ኢግሉ ሆነ። በ1820ዎቹ በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ወርቅ ከአምስት ዶላር በላይ ያወጣ ስለነበር ብዙው ገበያ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። በ1834 መንግሥት የሳንቲሙን ክብደት ቀነሰ። ይህ ደግሞ አገር ውስጥ የቀሩትን አሮጌ ሳንቲሞች ወደ ማቅለጫው ሰደዳቸው፣ ምክንያቱም አሮጌው ከአዲሱ የበለጠ ወርቅ አለው።

የ1822ቱን ሀፍ ኢግል እዩት። በማተሚያ ቤቱ መዝገብ ላይ 17,796 የሚል ቁጥር ሰፍሯል። ዛሬ የሚታወቁት ሦስት ብቻ ናቸው! ሁለቱ የስሚዝሶንያን ሙዚየም ንብረት ናቸው፣ ስለዚህ ለግል ሰው የምትገኘው አንዷ ብቻ ናት። እሷን የባልቲሞሩ ባንከኛ ሉዊስ ኤልያስበርግ በ1945 ገዛት። በ1982 በጨረታ 687,500 ዶላር አወጣች፣ በመጋቢት 2021 ደግሞ 8.4 ሚሊዮን። በሌላ በኩል የ1808 ኳርተር ኢግል የታተመው 2,710 ብቻ ነው፣ ሆኖም ከመቶ በላይ እንደተረፉ ይገመታል። እሷም ውድ ናት። ያ ንድፍ የወጣው በዚያ ዓመት ብቻ ስለሆነ ከየንድፉ አንዳንድ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ይፈልጋታል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ዋጋ የሚወስነው የሳንቲሙ ይዞታ ነው። ደረጃው ከ1 እስከ 70 ይሰጣል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የተባሉ ድርጅቶች ሳንቲሙን መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ በፕላስቲክ ያሽጉታል። ፎርጅዱ በበዛበት ገበያ ለጀማሪ ያልታሸገ ሳንቲም ግዛ ብዬ በጭራሽ አልመክርም።

እባካችሁ አታጽዱት! ወርቅ ሲያብረቀርቅ ደስ ይላል፣ ግን ሰብሳቢው የሚከፍለው ላልተነካው ለድሮው ገጽታ ነው። አንዴ ከተፈተገ አይመለስም። ለሐብል ተብሎ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ሳንቲምም ዋጋው በጣም ይወርዳል። ኪሱ ለማይችል ሰው ግን እነዚህ ጥሩ መግቢያ ናቸው፣ ምንም እንኳ እነሱም ብዙ ጊዜ በሺዎች ዶላር ቢሸጡ። ገጹ ላይ ትይዩ ጭረቶች ካያችሁ ደግሞ ቶሎ አትጣሉት። ክብደቱ ከሕጉ ያለፈውን ሳይታተም በፊት በሞረድ ይፍቁት ስለነበር ጭረቱ የማተሚያ ቤቱ ራሱ ሥራ ሊሆን ይችላል። እንደ ጉዳት አይቆጠርም፣ ቢበዛና ፊቱን ቢያበላሸው ግን ዋጋ መቀነሱ አይቀርም።

1834 የሚል ሀፍ ኢግል ካጋጠማችሁ ገልብጡትና ከንስሩ በላይ ተመልከቱ። በላቲን የተጻፈበት ጥብጣብ ካለ አሮጌው፣ ከባዱ ነው። ከ50,000 በላይ ታትሞ አብዛኛው ቀልጧል፣ ዋጋውም በአሥር ሺዎች ዶላር ነው። ጥብጣቡ ከሌለ በአዲሱ ሕግ የወጣው ነው። እሱ ከ650,000 በላይ ስለታተመና ብዙ ስለተረፈ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ጥብጣቡን ያነሱት ሰው ሁለቱን በቀላሉ እንዲለይ ብለው ነው።