የብረት ክምችት ምንድን ነው? ከአጥንትስ ጋር ምን አገናኘው?

ልጅ ፊቱ ገርጥቶ ሲታይ እኛ ቤት መልሱ የታወቀ ነው። ቀይ ሥር፣ ጎመን፣ ጉበት፣ ካልሆነም የአይረን ኪኒን። ደም ማነስና የብረት እጥረት በአፋችን አንድ ሆነዋል። ስለዚህ ደሙ እያነሰ ብረት የሚተርፈው ሰው አለ ሲባል ግር ይላል። ታላሴሚያ ያለበት ሰው ግን እንዲህ ነው።

ታላሴሚያ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ሕመም ነው። ሰውነት ሄሞግሎቢንን፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር፣ በደንብ መሥራት ያቅተዋል። ከባዱ ዓይነት የያዘው ልጅ በየ2 እስከ 5 ሳምንቱ ደም መውሰድ አለበት። በቆጵሮስ፣ በግሪክ፣ በጣሊያን፣ በገልፍ አገሮችና በደቡብ እስያ በብዛት ይታያል።

የሚያድነው ደም ታዲያ ብረት ይዞ ይገባል። በአንድ ከረጢት ደም ውስጥ 200 ሚሊግራም ያህል ብረት አለ። ጤነኛ ሰው ከምግብ በቀን የሚወስደው 1 ወይም 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። አንዷ ከረጢት የወራት ቀለብ ናት ማለት ነው። ሰውነታችን ደግሞ ትርፍ ብረት የሚያስወጣበት በር የለውም። ጨው ቢበዛ በሽንት ይወጣል፤ ብረት ግን ከገባ ገባ ነው። ጉበት፣ ልብ፣ ቆሽትና ዕጢዎች ውስጥ ይጠራቀማል። የብረት ክምችት የሚባለው ይህ ነው።

የልብና የጉበት ነገር ሲነሳ ሁሉም ይደነግጣል፤ ተገቢም ነው። አጥንት ግን ይረሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አጥንት መጀመሪያ የሚጎዳው ከውስጥ ነው። ደም ሲያንስ መቅኒው ደም ለመሥራት ይፍጨረጨራል። እየሰፋ አጥንቱን ይገፋዋል፣ ያሳሳዋል። የጉንጭና የግንባር አጥንት የሚወጣው ለዚህ ነው። በቂ ደም በጊዜው ለሚወስድ ልጅ ይህ ይቀንስለታል። ያኔ ተራው የብረቱ ይሆናል።

የብረቱ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። አንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል አተር የምታህል ዕጢ አለች። ብረት ቶሎ ከሚጎዳቸው አንዷ እሷ ናት። እሷ ስትዳከም የጉርምስና ሆርሞን ይጠፋል። ልጁ ጢም አያበቅልም፣ ልጅቷ የወር አበባ አታይም። ቤተሰብ የሚያየው ይህን ነው። አጥንቱን የሚያይለት የለም። አጥንት ለዕድሜ ልክ የሚበቃውን ጥንካሬ የሚሰንቀው ግን በነዚያው ዓመታት፣ በዚያው ሆርሞን ነው። በዚያ ላይ ብረቱ አጥንት የሚገነቡትን ሕዋሳት ራሳቸውን ያዳክማል። ቫይታሚን ዲም ብዙ ጊዜ ይጎድላል። ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት አጥንቱ እንደ አያቱ ሊሳሳ ይችላል። ወገቤን ሲል «አተኛኘትህ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የአከርካሪ አጥንት ሳይወድቁም ይሰበራል።

ብረቱ የሚወጣው በመድኃኒት ነው። ዴፈሮክሳሚን በትንሽ ፓምፕ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል፣ በሳምንት ከ5 ሌሊት በላይም ሊሆን ይችላል። መርፌ ተሰክቶበት የሚያድር ጎረምሳ አንዳንድ ሌሊት ቢዘል አልፈርድበትም። አሁን በቀን አንዴ የሚዋጥ ዴፈራሲሮክስ አለ። መድኃኒት በዛ ማለትም ተሻለ ማለት አይደለም። ዴፈሮክሳሚን በትንንሽ ልጆች ላይ ከልክ ካለፈ ራሱ የአጥንት ዕድገትን ይጎዳል። መጠኑን ሐኪሙ የብረቱን ክምችት የሚጠቁመውን ፌሪቲን የተባለ የደም ምርመራ እያየ ይወስን።

ሐኪሙን ስለ ፌሪቲን ብቻ አትጠይቁ። ከአፍላ ዕድሜ ጀምሮ የአጥንት ጥንካሬ የሚለካበት ዴክሳ የሚባል ምርመራ አለ። የሆርሞንና የቫይታሚን ዲ ምርመራም እንዲሁ። ጉድለቱ በጊዜ ከታወቀ ሆርሞኑም ቫይታሚኑም ይተካል፤ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒትም አለ።

በገልፍ አገሮች ሰው ቤት እየሠራችሁ እንዲህ ያለ ልጅ የምትንከባከቡ እህቶችም ትኖራላችሁ። ልጁ ገርጥቶ ስታዩት አንጀታችሁ እንደሚላወስ አውቃለሁ። የአይረን ሽሮፕም ሆነ የቫይታሚን ሲ ኪኒን ግን ሐኪሙ ሳያዝ አትስጡት።