መብራታችን ከውሃ ነው፤ ጭሱስ ከየት?

ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደሴም ኮምቦልቻም ቡና ላይ ስለ ካርቦን ጨዋታ አይጠፋም። ጨዋታው ጥሩ ነው፤ ሂሳቡ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

«መብራታችን ከውሃ ስለሆነ ኢትዮጵያ ካርቦን አትለቅም»

መብራቱ ከውሃ መሆኑስ እውነት ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግድብ ይመነጫል፣ የቀረውም በአብዛኛው ከነፋስ ነው። ሆኖም አገሪቱ ከምትጠቀመው ኃይል ሁሉ ትልቁን ድርሻ የያዙት ማገዶ፣ ከሰልና ኩበት ናቸው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010ን ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ብሎ አስልቶታል። ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የመጣው ከግብርናና ከደን ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ዘርፉ ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ክብደቱ ያለው ከብት ሲያመሰኳ በሚያወጣው ሚቴን (እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ) እና ለእርሻ፣ ለማገዶ በሚመነጠረው ደን ላይ ነው። የወሎን በሬ ደግሞ ተርባይን አይተካውም።

«ምጣዱ በመብራት ከሆነ ከሰል ቀረ ማለት ነው»

የት ቀረ! እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት ቤት ወጡንና ቡናውን ከሰል ላይ ይጥዳል። መብራት በጠፋ ቀንም የቦካ ሊጥ አይጠብቅም፤ ማገዶ ይነድዳል። ስለዚህ ምጣድ መግዛቱ ብቻውን ልቀት አይቀንስም፤ የሚታየው ቤቱ በወር ስንት ማዳበሪያ ከሰል ማስገባት እንደተወ ነው። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በባህላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል 5 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ያልቃል፣ ከተዳፈነውም እንጨት ሚቴን ይወጣል።

«እንጨት ተመልሶ ይበቅል የለ?» የሚል አይጠፋም። እንደ ዛፉ ነው። በደሴ ዙሪያ ያለ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ እያደገም የተቃጠለውን ያህል ካርቦን ከአየር መልሶ ይወስዳል። ቆላ ላይ ተቆርጦ ምትክ ያልበቀለለት ግራር ግን ካርቦኑ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው።

«ታዳሽ ኃይል የጨመረ አገር ልቀቱ ይቀንሳል»

ቻይና የማንንም አገር ያህል ሳይሆን ከሁሉም በላይ የፀሐይና የነፋስ ኃይል ተክላለች፤ በልቀትም ከዓለም አንደኛ ናት። ፍላጎቷ አብሮ ስላደገ አዲሱ ኃይል በድንጋይ ከሰሉ ላይ ተደረበ። ብሪታንያ በበኩሏ ነፋሱን እያስገባች የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎቿን ዘጋች፤ የመጨረሻው የተዘጋው በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነው። ኮምቦልቻ ላይም መለኪያው ይኸው ነው፦ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ጄኔሬተር የሚያስነሳ ፋብሪካ፣ አዲስ ግድብ ስለተገነባ ብቻ ናፍጣው አይቀንስለትም። መስመሩና ማከፋፈያው አስተማማኝ መሆን አለበት።

«ለጎረቤት የምንሸጠው መብራት የእኛን ልቀት ያወርዳል»

የሚያወርደው የገዢውን ነው። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ልቀት የሚመዘገበው ነዳጁ በተቃጠለበት አገር ነው። ጂቡቲ የእኛን መብራት ገዝታ ጄኔሬተር ስታጠፋ ቅናሹ በጂቡቲ ስም ይጻፋል፤ ለእኛ የሚደርሰን ዶላሩ ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪናም ያው ነው፤ ጭሱ ጣቢያው ላይ ይወጣል»

ይህ የድንጋይ ከሰል ለሚያነዱ አገሮች የሚሠራ ክርክር ነው። እዚህ ባትሪውን የሚሞላው ውሃ ስለሆነ የተቆጠበው ነዳጅ ከሞላ ጎደል ሙሉ ቅናሽ ይሆናል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ በልቀት ረገድ ትርጉም አለው። ትልቁ ናፍጣ ግን ያለው በቤት መኪና ውስጥ አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ጭነት ይዞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ተሳቢ ስንት ሊትር እንደሚጨርስ ሾፌሮቹን ጠይቁ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ የተነደፈው ለኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ቅናሹ የሚመዘገበው ያ ጭነት ከአስፋልቱ ወደ ሐዲዱ ሲዛወር ነው።