ለአረጋዊ የቀድሞ ወታደር የቤት እርዳታ፦ የቱ ለምን ነው?

አሜሪካ ውስጥ አባታችሁ የቀድሞ ወታደር ከሆኑና አሁን ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ቤት መቀየር ካለባቸው፣ መጀመሪያ የምትሰሙት «ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ይረዳል» የሚል ነው። ይረዳል፤ ግን አረጁ ብሎ ብቻ የዕቃ ማጓጓዣ አይከፍልም።

ለማጓጓዣና ለዲፖዚት (ለኪራይ ቤት መያዣ) የሚሆን ገንዘብ ሊገኝ የሚችለው ኤስኤስቪኤፍ ከሚባለው ፕሮግራም ነው። ገንዘቡ የቪኤ ነው፤ የሚያስተናግዷችሁ ግን በየአካባቢው ያሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ሆኖ ቤት ላጡ ወይም ሊያጡ ለተቃረቡ ነው። ይቺን «ለተቃረቡ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ፤ ስንት ሰው የማስለቀቂያ ደብዳቤ በእጁ ይዞ፣ ጎዳና ካልወጣሁ አይመለከተኝም ብሎ ይተወዋል። እባካችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ቤት ላጡ ወይም ሊያጡ ለተቃረቡ የቀድሞ ወታደሮች የሆነው የቪኤ ስልክ፣ 877-424-3838፣ ሌት ተቀን ይሠራል።

ሀድ-ቫሽ ሌላ ነው። ቤት ላጡ የቀድሞ ወታደሮች የሚሰጥ የኪራይ ቫውቸር (የመንግሥት የኪራይ ድጎማ) ሲሆን፣ ተከራዩ አብዛኛውን ጊዜ ከገቢው 30 በመቶ ገደማ ይከፍላል፤ ጉዳዩን የሚከታተልለት ባለሙያ (ኬዝ ማኔጀር)ም አለው።

በጣም የሚያምታታው ኤይድ ኤንድ አቴንዳንስ ነው። የቤት እርዳታ አይደለም። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የጦርነት ዘመን ወታደሮች በሚሰጠው የቪኤ ፔንሽን ላይ በየወሩ የሚጨመር ገንዘብ ነው፤ ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ለመብላት የሰው እጅ ለሚያስፈልጋቸው። የእንክብካቤ ቤት ክፍያን ሊደጉም ይችላል። ግን ከማመልከታቸው በፊት ባሉት 3 ዓመታት ንብረት ለልጅ አስተላልፈው ከሆነ ክፍያው ሊዘገይባቸው ይችላል፤ ስለዚህ ስም ከማዞራችሁ በፊት ጠይቁ።

ለሁሉም ዲዲ-214 የተባለውን የስንብት ወረቀት ፈልጉ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ልሙላላችሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ከመጣ እሺ አትበሉ፤ ሕጉ አይፈቅድለትም።