የቦር ጦርነት፦ በሽቦና በረሃብ የተቋጨው ፍልሚያ

በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝ ከሁለቱ የቦር ሪፐብሊኮች፣ ከትራንስቫልና ከኦሬንጅ ነጻ መንግሥት ጋር ያደረገችው ጦርነት ኦክቶበር 11 ቀን 1899 ተጀምሮ ሜይ 31 ቀን 1902 አበቃ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ጠቡ ግን የቆየ ነው። ቦሮች ከ1652 ጀምሮ በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ በኬፕ የሰፈሩ፣ አብዛኞቹ ከሆላንድ፣ ከጀርመንና ከፈረንሳይ የመጡ ሰዎች ዝርያዎች ናቸው። እንግሊዝ በ1806 ኬፕን ዳግመኛ ያዘች፤ በ1834 ባርነትን የሚያስቀረው ሕግ ሥራ ላይ በዋለበት ሰሞን በሺዎች የሚቆጠሩ ቦሮች የበሬ ጋሪያቸውን ጠምደው ወደ ሰሜን ነጎዱ። የደረሱበት ምድር ባለቤት ነበረው፤ ሪፐብሊኮቹ የቆሙት ከአፍሪካውያን በጠመንጃ በተነጠቀ መሬት ላይ ነው። እንግሊዝ በ1877 ትራንስቫልን ጠቀለለች፤ ቦሮች ግን አምፀው ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1881 በማጁባ ተራራ ድል አደረጓት።

በ1886 በትራንስቫል፣ ዊትዋተርስራንድ በሚባለው ስፍራ ወርቅ ተገኘ። ማዕድኑ ጥልቅ፣ በቶን የሚገኘው ወርቅም ጥቂት ስለነበር ትርፉ በወጪ ቁጠባ ላይ ያረፈ ነበር። የማዕድን ባለሀብቶች የትራንስቫል ፕሬዚዳንት የክሩገር መንግሥት ድማሚትን በሞኖፖል መያዙ ያንገበግባቸው ነበር። ከውጭ የመጡት ነጮች ደግሞ ሙሉ የመምረጥ መብት ለማግኘት 14 ዓመት መኖር ይጠበቅባቸው ነበር። በአጎራባች የእንግሊዝ ግዛት አስተዳዳሪ የነበረው ጄምሰን በ1895 መጨረሻ በጥቂት መቶ ፈረሰኞች መንግሥቱን ሊገለብጥ ሞክሮ ተማረከ፤ ከዚያ በኋላ መተማመን ጠፋ። የእንግሊዙ ገዢ ሚልነርም ለስምምነት ብዙ ፍላጎት አልነበረውም።

የቦር ጦር ኮማንዶ ይባላል። ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ ሁሉ ፈረሱን፣ ጠመንጃውን፣ 30 ጥይትና የ8 ቀን ስንቁን ይዞ ይከታል፤ አለቃውንም ራሱ ይመርጣል። ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰው የማውዘር ጠመንጃ ተኳሹን አያጋልጥም። እንግሊዞች በ1899 ዲሴምበር አንድ ሳምንት ሳይሞላ በስቶርምበርግ፣ በማገርስፎንቴይንና በኮሌንሶ የተሸነፉት በአብዛኛው ምሽግ ውስጥ በተደበቀ ተኳሽ ላይ በገላጣ ሜዳ ስለዘመቱ ነው። ቦሮችም ከባድ ስሕተት ፈጸሙ፦ የእንግሊዝን ቅኝ ግዛት ናታልን አቋርጠው ወደ ባሕሩ ወደብ ከመገስገስ ይልቅ በእንግሊዝ እጅ ያሉትን ከተሞች፣ ኪምበርሌይን፣ ሌዲስሚዝንና ማፌኪንግን ከበው ወራት አባከኑ። እስከዚያ እንግሊዝ ጦሯን በመርከብ አጓጓዘች።

ጁን 5 ቀን 1900 የትራንስቫል ዋና ከተማ ፕሪቶሪያ ብትያዝም ጦርነቱ አልቆመም። የቦር ጄኔራሎች ደ ዌት፣ ደ ላ ሬይና ሉዊስ ቦታ በፈረስ እየተወረወሩ ሐዲድ ይቆርጡ፣ ስንቅ ይዘርፉ ጀመር። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ የኪችነር መልስ አገሩን በሽቦ መሸንሸን ነበር። ሻለቃ ራይስ የቀረጸው ምሽግ አንዱ በሌላው ውስጥ የቆሙ ሁለት ክብ የቆርቆሮ ግድግዳዎች ያሉት ሆኖ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላል። የመተኮሻ ቀዳዳ አለው፤ ሰባት ሰው ገደማ ይጠብቀዋል። የድንጋይ ምሽግ በመቶዎች ፓውንድ ሲፈጅ ይኼኛው 16 ፓውንድ ያህል ብቻ ይጠይቃል። መድፍ አይችልም፤ ቦሮች ግን ያን ጊዜ መድፍ አልቀረላቸውም ለማለት ይቻላል። 8,000 ያህል ምሽጎች ተሠሩ፤ በመካከላቸው እሾሃማ ሽቦ ተዘርግቶ ለማስጠንቀቂያ ባዶ ጣሳ ይንጠለጠልበታል። ከዚያ ወታደሩ በሰልፍ እየጠረገ ኮማንዶውን ወደ ሽቦው ይነዳዋል። አሠራሩ ክፍተትም ነበረው፤ በጨለማ ሽቦ ቆርጦ ማለፍ ይቻላል፣ ደ ዌትም በ1902 ፌብሩዋሪ እንዲሁ አድርጎ አመለጠ።

ኮማንዶውን ስንቅ ለማሳጣት 30,000 ገደማ የእርሻ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ከብቱ ታረደ፣ ሴቶችና ሕፃናት ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ። ይህ የጦርነቱ አስከፊ ምዕራፍ ነው። ሰው በድንኳን ታጭቆ፣ ውሃው ቆሽሾ፣ ወተትና አትክልት ሳይኖር ኩፍኝ ሲገባ ሕፃናቱን የሚያድን አልተገኘም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ባሏ ገና በውጊያ ላይ ያለ ሴት ራሽኗ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። በ1901 ኦክቶበር የሞቱ መጠን በዓመት ስሌት ከሺው ሰው 344 ደረሰ። ካምፖቹን የጎበኘችው እንግሊዛዊት ኤሚሊ ሆብሃውስ ያየችውን ለእንግሊዝ ሕዝብ ካጋለጠችና መርማሪ ኮሚሽን ከተላከ በኋላ፣ አስተዳደሩ ከወታደሩ ወደ ሲቪሉ ሲዛወር ሞት ቀነሰ። 28,000 ገደማ ቦሮች አለቁ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ።

ለአፍሪካውያን የተለዩ ካምፖች ነበሩ። ከ100,000 በላይ ሰዎች ገቡባቸው፤ ወንዶቹ ለጦሩ ጉልበት ሠራተኛ ሆኑ፣ ቤተሰቡ ምግቡን እንዲያርስ ወይም እንዲገዛ ተገደደ። የተመዘገበው ሟች 14,000 ይበልጣል፤ መዝገቡ ጎዶሎ በመሆኑ ብዙ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ 20,000 ያደርሱታል። ይህ ሞት ለረጅም ዘመን በሐውልትም በመማሪያ መጽሐፍም ቦታ አለማግኘቱ ትልቅ በደል ነው።

ጦርነቱን በቋጨው የፍሪኒኺንግ ከተማ ድርድር ቦሮች ነጻነታቸውን አጥተው ለመልሶ ግንባታ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጣቸው። የውሉ 8ኛ አንቀጽ ደግሞ የአፍሪካውያን የመምረጥ ጉዳይ ነጮቹ የራስ አስተዳደር እስኪያገኙ እንዳይነሳ ወሰነ። በ1910 የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ሲመሠረት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የቀድሞው የቦር ጄኔራል ሉዊስ ቦታ ነው። በ1913 የወጣው የመሬት ሕግም አፍሪካውያን መሬት መያዝ የሚችሉበትን ክልል ከአገሩ ስፋት 7 በመቶ ገደማ ላይ ገደበው።