2,147,483,647 ምንድን ነው?

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት ነው። በዚያ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሆን፣ ታቦታቱ ገና ከጥምቀተ ባሕሩ ሳይነሡ፣ ያልታደሱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ሰዓታቸው ጠርዝ ላይ ይደርሳል። ጠርዙ ይህ ቁጥር ነው፤ ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን ምናምን።

ሲያዩት መልክ የለሽ ይመስላል እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው። 31 ሁለቶችን ደርድረን እናባዛለን፤ ከውጤቱ 1 እንቀንሳለን፤ አለቀ። በኮምፒውተሩ አጻጻፍ፣ በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ፣ 31 አንዶች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው አንድም ዜሮ የለም።

የሒሳብ ሰዎች የሚወዱት ግን ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ይህን ከአሠራሩ ብቻ መገመት አይቻልም። በ31 ፈንታ 11 ሁለቶችን ብናባዛና 1 ብንቀንስ 2,047 እናገኛለን፤ እርሱ ደግሞ 23 በ89 ሲባዛ የሚገኝ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው ዝርዝር 31ን ከሚሠሩት መካከል አስገብቶት ነበር። እዚያው ላይ 67ንም አስገብቶ ስለተሳሳተ ቃሉ ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1772 ከሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ ያኔ በሴንት ፒተርስበርግ የሚኖር፣ ዓይኑ ከሞላ ጎደል የጠፋ ሰው ነበር። ቁጥሩ አካፋይ ካለው ትንሹ አካፋይ ከ46,341 ማነስ አለበት። እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ግን ከአራት ሺህ በላይ ናቸው፤ ሁሉንም በእጅ መሞከር ዕድሜ ይፈጃል። ኦይለር ወንፊት አበጀ፦ አካፋዩ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ በ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይም 63 መትረፍ አለበት። በዚህ ወንፊት 3፣ 5፣ 7 እና መሰሎቻቸው ገና ከበሩ ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ 311 ነው፤ ሲሞከር 35 ይተርፋል፣ ስለዚህ በነጻ ተሰናበተ። ቀጥሎ 1,303፣ ከዚያ 1,489፣ እንዲህ እየተባለ ዳር ሲደረስ አንድም ጥፋተኛ አልተገኘም።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሰከንድ ነው። ለቆጠራው 32 ቦታ መድበዋል፤ አንዱ ለመደመር ወይም ለመቀነስ ምልክት፣ 31ዱ ለቁጥሩ። 31ዱም በአንድ ከተሞሉ በኋላ የሚመጣው ሰከንድ ምልክቱን ይገለብጠዋል። ሰዓቱም ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይመለሳል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዙፋን ላይ ወደነበሩበት ዘመን! በ64 ቦታ የሚቆጥሩትን አዳዲሶቹን ይህ አይነካቸውም።

ብዙዎች ሁለቱን ዝናዎች ያያይዟቸዋል፤ ግን ብቸኛነቱ በዚህ ጣጣ ውስጥ እጁ የለበትም። ባለ 16 ቦታ ቆጠራ የሚቆምበት 32,767 በ7ም፣ በ31ም፣ በ151ም ይካፈላል፤ ጠርዝነቱ ግን ያው ነው።