የሶሻል ወርክ ማስተርስ በኦንላይን፦ ክላሱ ከቤት፣ ልምምዱ ከደጅ

አሜሪካ ውስጥ በሶሻል ወርክ ሙያ ገፍቶ ለመሄድ የሚያስፈልገው ዲግሪ ኤምኤስደብሊው የሚባለው ማስተርስ ነው። ዛሬ ይህን ዲግሪ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ሳይረግጥ የሚጨርስ ተማሪ ብዙ ነው። ሜሪላንድ ተቀምጦ ቦስተን ያለ ትምህርት ቤት ይመዘገባል። ቀን ሥራውን ይሠራል፣ ማታ ላፕቶፑን ይከፍታል። ግን ኦንላይን የሚሰጠው ክላሱ ነው። ዲግሪው ቢያንስ 900 ሰዓት የሥራ ልምምድም ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ በዋናነት የሚሠራው ከቤት ወጥቶ፣ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ነው። ብዙ አመልካች ስለ ክፍያና ስለ ክላስ ሰዓት አጥብቆ ይጠይቅና ይህን ያልፈዋል። በኋላ የሚያስጨንቀው ግን እሱ ነው።

ሙያው ራሱ የተወለደው ከልምምድ ነው። በ1898 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ድሆችን ለሚረዱ ሠራተኞች የሰመር ሥልጠና ሰጠ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያ ሥልጠና አድጎ ዛሬ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ሆኗል። በ1952 ደግሞ የትምህርት ቤቶቹን ጥራት የሚቆጣጠረው የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት፣ በአጭሩ ሲኤስደብሊውኢ፣ ተቋቋመ። ዲግሪውን በኦንላይን መስጠት በስፋት የተለመደው ግን በዚህ ክፍለ ዘመን ነው። በ2010 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቱዩ ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆኖ ትልቅ ፕሮግራም ከፈተ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

የዚያ ፕሮግራም ታሪክ ለአመልካች ጥሩ ትምህርት ነው። ተማሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺዎች ሆነ። በ2021 ዎል ስትሪት ጆርናል ባወጣው ዘገባ ዲግሪው 115,000 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ብዙ ተመራቂዎችም ከ100,000 ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክመው በዝቅተኛ ደመወዝ ነበር የጀመሩት። ኩባንያው ተማሪ የሚመለምለው ከክፍያው ድርሻ እየወሰደ ነበር። በ2023 ዩኒቨርሲቲውና ቱዩ ሊለያዩ ተስማሙ፤ በ2024 ቱዩ ራሱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዛሬም ኢንተርኔት ላይ መረጃ ለማግኘት ስልክ ቁጥራችሁን ስትተዉ በደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ የሚደውለው ሰው የግድ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ላይሆን ይችላል። የማን ተቀጣሪ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከትምህርት ቤቱ ስም ይልቅ መታየት ያለበት የሲኤስደብሊውኢ እውቅና ነው። ምክር ቤቱ ለኦንላይን ለብቻው የላላ መስፈርት የለውም። ግቢ ውስጥ የሚሰጠውም ሆነ በኢንተርኔት የሚሰጠው በአንድ ዓይነት መለኪያ ነው የሚታየው፤ ሁሉም ተማሪውን ዘጠኝ ብቃቶች ማስጨበጥ አለባቸው። እውቅና የሌለው ዲግሪ በአብዛኛው ስቴት ለላይሰንስ፣ ማለትም ለሙያ ፈቃድ፣ አያበቃም። ስለዚህ ዝነኛ ከሆነና ውድ ከሆነ ትምህርት ቤት ይልቅ በአቅራቢያ ያለ፣ እውቅና ያለው የስቴት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጊዜ ይሻላል ባይ ነኝ። ቀጣሪውም ቢሆን ቀድሞ የሚጠይቀው ላይሰንሱን ነው።

ለመግባት የሶሻል ወርክ ባችለር የግድ አያስፈልግም። ሒሳብ ያጠናም፣ ነርሲንግ ያጠናም፣ ቋንቋ ያጠናም ማመልከት ይችላል። ኢትዮጵያ የተማረ ሰው ትራንስክሪፕቱን ለውጭ ዲግሪ ገምጋሚ ድርጅት ማስመዘን አለበት፤ ይህ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ቀድሞ መጀመር ነው። ሙሉው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት አካባቢ ነው፤ በሙሉ ጊዜ ሁለት ዓመት፣ እየሠሩ ሲሆን ሦስት ወይም አራት ዓመት ይወስዳል። እውቅና ካለው ትምህርት ቤት የሶሻል ወርክ ባችለር ያለው ግን አድቫንስድ ስታንዲንግ በሚባለው መንገድ ገብቶ አብዛኛውን የመጀመሪያ ዓመት ሊዘል ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሀበሻ የሚከፋበት ሕግ አለ። ለአሥር ዓመት በግሩፕ ሆም ብትሠሩ፣ በአስተርጓሚነት ሆስፒታል ለሆስፒታል ብትዞሩ፣ ያ ልምድ ወደ ክሬዲት አይቀየርም። የምክር ቤቱ ደንብ ለሕይወትም ሆነ ለሥራ ልምድ ክሬዲት መስጠትን ይከለክላል። የማመልከቻ ጽሑፉን ግን ያሳምረዋል፤ እዚያ ላይ አትሰስቱበት።

ትምህርቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። የሰው ባሕርይና አካባቢው፣ ፖሊሲ፣ ምርምር፣ ከግለሰብ፣ ከቤተሰብ፣ ከቡድንና ከማኅበረሰብ ጋር አሠራር። ቀጥሎ ዘርፍ ይመረጣል። ክሊኒካል የሚባለው ወደ ምክርና ሕክምና ይወስዳል። ማክሮ የሚባለው ደግሞ ወደ ፖሊሲ፣ ወደ ድርጅት አመራር፣ ማኅበረሰብ ወደ ማስተባበር ነው። የሕፃናት ጥበቃ፣ የትምህርት ቤት፣ የጤናና የአረጋውያን ዘርፎችም አሉ።

ክላሱ በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንዱ በተወሰነ ሰዓት በዙም ተሰብስቦ ነው፤ ሌላው የተቀዳ ትምህርት በራስ ሰዓት ተመልክቶ፣ ጽሑፍ አንብቦ፣ አስተያየት እየጻፉ ነው። ሁለተኛው ለሺፍት ሠራተኛ የሚመች ይመስላል። ብቻውን የሚያነብ ሰው ግን ቶሎ ይዝላል። በቀጥታ ክላስ ካሜራ ማብራት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪዎቹ አንዱ ደንበኛ፣ ሌላው ሶሻል ወርከር ሆነው ይለማመዳሉ፣ የእውነት ኬዝም ያነሣሉ። የሰው ምስጢር ስለሚወራ ልጆች በሚሯሯጡበት ሳሎን መማር አይሆንም። ኡበር እያሽከረከሩ በስልክ ክላስ መከታተልማ ጭራሽ። ንባቡም ቀላል አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚገባ ወረቀት አይጠፋም፤ ኤፒኤ የሚባለውን የአጻጻፍ ሥርዓት አለመልመድ ብቻ ውጤት ያስቀንሳል።

አሁን ወደ ልምምዱ። ተማሪው ፊልድ ይለዋል። ዝቅተኛው 900 ሰዓት በአራት ሴሚስተር፣ እያንዳንዱ 15 ሳምንት ቢሆን፣ በሳምንት 15 ሰዓት ይመጣል። አንዳንድ ትምህርት ቤት ከዚህም በላይ ይጠይቃል። ቦታው ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የስደተኞች ድርጅት፣ የቤት አልባዎች መጠለያ፣ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ወይም ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ቦታዎች የሚሠሩት ቀን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚቀበል ቦታ ማግኘት ፈተና ነው። ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም። ማለትም ተማሪው ለዩኒቨርሲቲው እየከፈለ በነጻ ይሠራል፤ ቀን የሚከፈለውን ሥራውንም ይቀንሳል። የቤት ኪራይ ያለበት፣ አገር ቤት የሚልክ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው። ልምምድ ይከፈልበት የሚል የተማሪዎች ዘመቻ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየስቴቱ የበረታውም ለዚህ ነው። የዘመቻው ደጋፊ ነኝ፤ ድሃን የሚያገለግል ሙያ ድሃ ተማሪን ከበር መመለስ የለበትም።

አንድ መውጫ አለ። አሁን የምትሠሩበት ድርጅት የሶሻል ወርክ ሥራ ካለው፣ ትምህርት ቤቱ ከተስማማ፣ የሥራ ቦታችሁ የልምምድ ቦታ ሊሆን ይችላል። በ2022 የወጣው የምክር ቤቱ መስፈርት ይህን በግልጽ ይፈቅዳል። ሥራው ግን ከዘጠኙ ብቃቶች ጋር መያያዝ አለበት። የሚቆጣጠራችሁ ሰውም በመደበኛው የሶሻል ወርክ ማስተርስና ከዚያ በኋላ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ሊኖረው ይገባል። ትንንሽ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ውስጥ ይህን የሚያሟላ ሰው አይገኝም፤ አንዳንድ ትምህርት ቤት ከውጭ ሰው ይመድባል።

ቦታውን ማን ይፈልጋል? ከመመዝገብ በፊት መልሱ በጽሑፍ መገኘት ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ግቢ ያለው ፕሮግራም በከተማው ካሉ ድርጅቶች ጋር የቆየ ግንኙነት አለው። ሦስት ሺህ ማይል ርቆ ያለ ትምህርት ቤት ግን እናንተ ሰፈር ማንንም ላያውቅ ይችላል፤ ያኔ ፍለጋው በተማሪው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ቦታ ሳይገኝ ሴሚስተሩ ከጀመረ ምረቃ ይራዘማል። ልምምድ ላይ ተማሪው ከደንበኛ ጋር ያደረገውን ንግግር ቃል በቃል እያስታወሰ የሚጽፍበት ፕሮሰስ ሪከርዲንግ የሚባል ሥራም አለ። አሰልቺ ነው። ግን የተማሪው ጆሮ የሚሳለው በእሱ ነው። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020፣ ምክር ቤቱ ከሰዓቱ 85 ከመቶ የሠሩ እንዲመረቁ ፈቅዶ ነበር፤ ይህም 765 ሰዓት ነው። ዓለም በተዘጋበት ወቅት እንኳ ከዚያ በታች አልወረደም።

ገንዘቡን በአጭሩ። በ2023 የአሜሪካ ሶሻል ወርከር ሚዲያን ደመወዝ (ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች የሚያገኝበት) 58,380 ዶላር ነበር። ብድር ከመፈረም በፊት ከዚህ ቁጥር ጋር ማመዛዘን ነው። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግራድ ፕላስ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የፌዴራል ብድር ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ያቆማል፤ ለተራ የማስተርስ ተማሪ የሚሰጠው ብድር በዓመት በ20,500፣ በጠቅላላ በ100,000 ዶላር ይገደባል። በሌላ በኩል ታይትል ፎር-ኢ በሚባለው የፌዴራል ገንዘብ የሚማሩ አሉ፤ እነሱ ከተመረቁ በኋላ በሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል ይፈርማሉ። ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት እየሠራ 120 ወርሃዊ ክፍያ የከፈለ ደግሞ ቀሪ የፌዴራል ዕዳው ሊሰረዝለት ይችላል።

ዲግሪው ከተያዘ በኋላ ላይሰንስ አለ። እሱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው፤ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤኤስደብሊውቢ የሚባል ማኅበር ነው። ፈተናው ለረጅም ዓመታት በአራት ሰዓት የሚሠሩ 170 የምርጫ ጥያቄዎች ነበሩት። ማኅበሩ በ2022 የማለፊያ ውጤቶችን በዘር ለይቶ ሲያወጣ በጥቁርና በነጭ ተፈታኞች መካከል ትልቅ ልዩነት ታየ፤ እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ቋንቋቸው ያልሆነና በዕድሜ የገፉ ተፈታኞችም ዝቅ ብለው ነበር። ኢሊኖይ በዚያው ዓመት ለመጀመሪያው የማስተርስ ላይሰንስ ፈተናውን አስቀርታለች። ብዙ ስቴቶች ለሁለተኛ ቋንቋ ተናጋሪ ተጨማሪ ሰዓት ስለሚፈቅዱ ለፈተናው ከመመዝገብ በፊት ጠይቁ። በግል ቴራፒ ለመስጠት የሚያበቃው ክሊኒካል ላይሰንስ ደግሞ ከምረቃ በኋላ በክትትል የተሠራ ሥራ ይፈልጋል፤ በብዙ ስቴት 3,000 ሰዓት ነው።

ዲኤምቪ፣ ማለትም ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ፣ የሚኖር ሀበሻ ሌላ ጣጣ አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፣ አሌክሳንድሪያ ይሠራል፣ ደንበኛው ዲሲ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ላይሰንስ አላቸው፤ ስሙ እንኳ ይለያያል። ክሊኒካሉ ሜሪላንድ ኤልሲኤስደብሊው-ሲ፣ ዲሲ ኤልአይሲኤስደብሊው፣ ቨርጂኒያ ኤልሲኤስደብሊው ነው። በቪዲዮ በሚሰጥ አገልግሎትም በመደበኛው የሚቆጠረው ደንበኛው ያለበት ቦታ ነው። ይህን ለማቃለል ስቴቶች የጋራ ስምምነት እየፈረሙ ነው፤ በ2024 ሰባተኛው ስቴት ሲፈርም ስምምነቱ ጸና፤ ቨርጂኒያም አለችበት። በሥራ ላይ ማዋሉ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሙያው የራሱ ታሪክ አለው። የአዲስ አበባው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በ1959 ተከፍቶ በ1974 አብዮት ተዘጋ። በ2004 በማስተርስ ደረጃ ዳግም ተከፈተ፤ ዶክትሬቱ በ2006 ተከተለ። የቺካጎው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አጋር ነበር። በርቀት መማር ለፈለገም የሕንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በአዲስ አበባው ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል የሶሻል ወርክ ማስተርስ ሲሰጥ ቆይቷል። የመንግሥትና የኤንጂኦ ሠራተኞች ሥራቸውን ሳይለቁ ሞጁል እያነበቡ፣ አሳይንመንት እያስገቡ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፈው ወጥተዋል።

እንዲህ ያለውን ዲግሪ ይዞ አሜሪካ የገባ ሰው ከዜሮ መጀመር የለበትም። ሲኤስደብሊውኢ የውጭ አገር የሶሻል ወርክ ዲግሪዎችን የሚመዝንበት አገልግሎት አለው፤ ዲግሪው ከአሜሪካው ጋር እኩል ነው ከተባለ የላይሰንስ ቦርዶች ሊቀበሉት ይችላሉ። አዲስ አበባ ሆኖ በአሜሪካ ኦንላይን ፕሮግራም ልማር የሚል ግን ሁለት ነገር ይወቅ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ልምምዱን አሜሪካ ውስጥ እንዲሠራ ስለሚፈልጉ ከውጭ የሚቀበሉት ጥቂቶች ናቸው። ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ ትምህርት ደግሞ የተማሪ ቪዛ አያሰጥም፤ በኤፍ-1 ያለ ተማሪ በሴሚስተር ለሙሉ ጊዜ ትምህርቱ ሊያስቆጥር የሚችለው አንድ የኦንላይን ኮርስ ብቻ ነው።