ኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒ ምንድን ነው? ስለ ዚርኮኒየምስ ምን ይነግረናል?

«የዚርኮኒየም ቅይጡ በኤክስሬይ ተመርምሮ የዚርኮኒየም ብረት አልተገኘበትም፤ እስከ ውስጡ ዝጎ አልቋል» ይላል አንድ አስተያየት ሰጪ። ይህን አባባል እዚህ ጅማም ደጋግሜ ስለሰማሁት ዝም ማለት አልሆነልኝም። ለመሆኑ ውስጡን ማን አየው?

ጥፋቱ የሆስፒታሉን ኤክስሬይ ከማሰብ ይመጣል። በኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒ መሣሪያ ጨረሩ ወደ ብረቱ ይገባል እንጂ የሚለካው ጨረሩ አይደለም፤ ከአተሞች ነቅሎ የሚያስወጣቸው ኤሌክትሮኖች ጉልበት ነው። የአሉሚኒየም ምንጭ የሚሰጠው 1486.6 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ጨረር መቶዎች ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ይዘልቃል። ኤሌክትሮኖቹ ግን ጉልበታቸው ሳይጎድል የሚወጡት ከላይኛው 10 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ሂርማታ ገበያ ጆንያ አስፈትቶ የላይኛውን ፍሬ ብቻ አይቶ ስለ ታችኛው ቡና የሚምል ነጋዴ አስቡ። መሣሪያውም እንደዚያው የላይኛውን ብቻ ያያል። ከተለካው ጉልበት ኤሌክትሮኑ በአተሙ የታሰረበት ጉልበት ይሰላል፤ በዚያ ግራፍ ላይ የብረቱ ዚርኮኒየም ጉብታ 179 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ፣ የኦክሳይዱ (ብረቱ ከኦክስጅን ጋር የፈጠረው ዝገት) ደግሞ 182 አካባቢ ይወጣል። አየር ላይ የሚፈጠረው ኦክሳይድ ጥቂት ናኖሜትር ስለሆነ ሁለቱም አብረው ይታያሉ። በሙቅ ውኃ ውስጥ የቆየ ናሙና ግን ማይክሮሜትር (ሺህ ናኖሜትር) የሚደርስ ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ያኔ የብረቱ ጉብታ ይጠፋል። ብረቱ ግን ከሥር እንዳለ አለ። አስተያየት ሰጪው «አልቋል» ያለው ይህንን ነው!

«በአርጎን ጋዝ አዮኖች (ቻርጅ በያዙ አተሞች) እየቦረቦርን እንወርዳለን» የሚል አይጠፋም። እኛም እናደርገዋለን። ነገር ግን ነጋዴው ጆንያውን ሲቆፍር ፍሬውን ከሰበረ፣ ራሱ የሰበረውን ቡና «ስብርባሪ ነው» ብሎ ዋጋ ሊያወርድ አይገባም። የአርጎን አዮን ኦክስጅንን አስቀድሞ ይነቅላል። በተለይ ኒዮቢየም የተባለ ብረት ባለበት ቅይጥ፣ ከጉድጓዱ ሥር የተገኘ ኦክስጅን የጎደለው ኦክሳይድ የዝገቱ ሳይሆን የእኛ የእጅ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። ኦክሳይዱ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ናሙናው ቻርጅ ይይዛል፣ ጉብታዎቹም ይንሸራተታሉ። የካርቦንን ጉብታ 284.8 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ አድርጎ ሌሎቹን በእሱ ማስተካከል የተለመደ ነው፤ ካርቦኑ ግን ከአየር ያረፈ ቆሻሻ ስለሆነ የኤሌክትሮን ቮልት ክፍልፋይ ልዩነት ይዞ የሚከራከር ሰው አላምንም።

ከሁሉ የሚከፋው ሃይድሮጅን ነው። ዚርኮኒየም በውኃ ሲዝግ ከሚለቀቀው ሃይድሮጅን ከፊሉ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ሃይድራይድ (የብረቱና የሃይድሮጅን ውህድ) ይሆናል፣ ብረቱንም ተሰባሪ ያደርገዋል። ይህ መሣሪያ ደግሞ ሃይድሮጅንን በቀጥታ አያይም። ኦክሳይዱ የት እንደደረሰ ማወቅ የሚፈልግ ናሙናውን ቆርጦ ጎኑን አለስልሶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይመልከት።